ጥራት ያለው ድምፅ ስንል ምን ማለታችን ነው? በጂጂ አልበም የተደገፈ ማብራሪያ

ዩቲዩብ ላይ የአማርኛ ዘፈን ስትከፍቱ ከቪዲዮው ሥር የተጻፈውን አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ ይላል። ከዚያ ሚክሲንግ እና ማስተሪንግ የሚሉ ሁለት ቃላት ይከተላሉ። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ሁላችንም እናውቃቸዋለን፣ እንከራከርባቸዋለንም። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ግን ዘለን ነው የምናልፈው። ዘፈኑ ጆሯችን ላይ ሲደርስ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚኖረው በአብዛኛው የሚወሰነው ግን እዚያ ላይ ነው።

ስለ ድምፅ ጥራት ብዙ የተሳሳተ ነገር ይወራል። «ጮክ ያለ ዘፈን ጥራት አለው»፣ «320 ከሆነ አሪፍ ነው»፣ «ኤችዲ ከተባለ ኦሪጅናል ነው» ሲባል ትሰማላችሁ። ከእነዚህ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ልክ የሆነ አንድም የለም። ነገሩን ለማስረዳት ከምወደው አልበም የተሻለ ማሳያ የለኝም። እጅጋየሁ ሽባባው፣ ሁላችንም ጂጂ የምንላት፣ በ2001 በራሷ ስም «ጂጂ» ብላ ያወጣችውን ማለቴ ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ለምን ይሄ አልበም?

ጂጂ የቻግኒ ልጅ ናት። ግጥምና ዜማ ራሷ ትሠራለች። «ጉድ ፈላ»፣ «መንገደኛ»፣ «ጉራማይሌ»፣ «አባይ»፣ «ባለዋሽንቱ»፣ «አድዋ» እዚህ አልበም ላይ ያሉ ናቸው፤ እነዚህን ለአማርኛ ሰሚ ማስተዋወቅ አያስፈልግም።

ከጀርባ ያለውን ሥራ ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። አልበሙን ያወጣው ፓልም ፒክቸርስ የተባለ ኩባንያ ነው። የኩባንያው መሥራች ክሪስ ብላክዌል፣ ቦብ ማርሊን ለዓለም ያስተዋወቀውን አይላንድ ሬከርድስን የመሠረተው ሰው ነው። ፕሮዲውሰሩ ደግሞ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው። ላስዌል ራሱ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነው፤ ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ታስፈልገናለች። ከሙዚቀኞቹ መካከል ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተር እና ፋሮ ሳንደርስ አሉበት። ሃንኮክና ሾርተር በ1960ዎቹ ከማይልስ ዴቪስ ጋር፣ ሳንደርስ ከጆን ኮልትሬን ጋር የተጫወቱ የጃዝ ታላላቆች ናቸው። ታብላ የሚባለውን የሕንድ ከበሮ የሚመታው ካርሽ ካሌም አለ።

እንግዲህ አስቡት። የጎጃም ዜማ፣ የአማርኛ ግጥም፣ የጃዝ ሳክስፎን፣ የሕንድ ከበሮ፣ በሬጌ የተቃኘ ቤዝ። ይህ ሁሉ አንድ ዘፈን ውስጥ ሲገባ ድብልቅልቁ ሊወጣ ይችል ነበር። አልወጣም። ለምን አልወጣም የሚለው ነው የዛሬው ጉዳያችን።

ይህን አልበም የመረጥኩበት ሌላም ምክንያት አለ። ላስዌል ያንኑ የተቀዳ ድምፅ እንደገና አፍርሶ ሠርቶ በ2003 «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» በሚል ርዕስ ሌላ አልበም አድርጎ አውጥቶታል። ዘፋኟም ቅጂውም ያው ነው፤ የሚሰማው ነገር ግን ሌላ ነው። ሚክሲንግ ምን እንደሚሠራ ለመረዳት እንዲህ ያለ አጋጣሚ ብዙ አይገኝም።

ሚክሲንግ ምንድን ነው?

ስቱዲዮ ውስጥ ዘፈን ሲቀዳ ሁሉም ነገር ባንዴ አንድ ላይ አይቀዳም፤ ወይም አብረው ቢጫወቱም እያንዳንዱ ድምፅ ለየብቻው ይያዛል። ድራሙ በራሱ ትራክ፣ ቤዙ በራሱ፣ ሳክስፎኑ በራሱ፣ የዘፋኟ ድምፅ በራሱ። አንድ ዘፈን ሃያ፣ ሠላሳ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትራክ ሊኖረው ይችላል። ሚክሲንግ እነዚህን ሁሉ ወደ ሁለት ማጠቃለል ነው፦ ወደ ግራ ጆሮና ወደ ቀኝ ጆሮ።

ሚክስ የሚያደርገው ባለሙያ ለእያንዳንዱ ትራክ አራት ነገር ይወስናል። ምን ያህል ይጮህ? ግራ ይሁን ቀኝ ወይስ መሐል? ምን ያህል ቅርብ ወይም ሩቅ ይምሰል? የቱ የድምፁ ክፍል ይጉላ፣ የቱ ይቀነስ? ቅርብና ሩቅ የሚሆነው በኤኮና በሪቨርብ ነው። ሪቨርብ ማለት ድምፅ ግድግዳ ነክቶ ሲመለስ የሚተወው ጭራ ነው፤ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቅዳሴ ሲሰማ ድምፁ ቶሎ የማይጠፋው ለዚህ ነው። ድምፅ ላይ ሪቨርብ ሲበዛ ዘፋኙ ወደ ኋላ የራቀ ይመስላል፣ ሲቀንስ ደግሞ ጆሯችሁ ሥር የመጣ።

አራተኛው ውሳኔ ከሁሉም ይከብዳል። የሰው ጆሮ ከ20 ኸርዝ እስከ 20,000 ኸርዝ ድረስ ይሰማል ይባላል። ኸርዝ ማለት ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ወፍራም ድምፅ፣ ሲበዛ ቀጭን ድምፅ። ቤዝ ጊታር በወፍራሙ ክር ሲመታ ወደ 41 ኸርዝ ይወርዳል። ጆሯችን በጣም ንቁ የሚሆነው ግን ከ2,000 እስከ 5,000 ባለው አካባቢ ነው። የምንናገራቸው ተነባቢዎች ጥርት ብለው የሚሰሙት እዚያ ነው፣ የዘፋኝ ድምፅ የሚያበራውም እዚያ ነው፣ ጊታርም፣ መሰንቆም፣ ሳክስፎንም እዚያው ቦታ ይሻማሉ። ሁለት ድምፆች አንድ ቦታ ላይ ሲገናኙ ጠንካራው ደካማውን ይሸፍነዋል። ዘፈኑን ደጋግማችሁ ሰምታችሁ ግጥሙ አልያዝ የሚላችሁ አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው፤ ዘፋኙ ቃሉን በደንብ ብሎታል፣ ኪቦርዱ ግን ሸፍኖታል።

የእኛን ሙዚቃ ታሪክ ስናይ ይህ ነገር በደንብ ይገባናል። በደርግ ዘመን በሰዓት እላፊው የተነሳ የሌሊቱ ሙዚቃ ተዳከመ፣ ትልልቆቹ ባንዶች እየተበተኑ ሄዱ፣ ቀስ በቀስም ትራምፔቱንና ሳክስፎኑን ኪቦርድ ተካው። በ1980ዎቹና በ90ዎቹ በወጡ ብዙ ካሴቶች ላይ ድራሙም፣ ቤዙም፣ የትንፋሽ መሣሪያውም፣ ቫዮሊኑም የሚወጣው ከዚያው ከአንድ ዓይነት መሣሪያ ነው። ዘፈኖቹ ድንቅ ናቸው፣ ድምፃውያኑም እንደዚያው፤ ቅሬታዬ ከእነሱ ጋር አይደለም። ግን ኪቦርዱ መሐሉን ከዳር እስከ ዳር ስለሚሞላው ዘፋኙ የሚቆምበት ባዶ ቦታ አያገኝም።

የጂጂን አልበም ስትሰሙ በመጀመሪያ የሚሰማችሁ የቦታው ስፋት ነው። ቤዙ ታች ብቻውን ተኝቷል፣ ማንም አይነካውም። ከበሮዎቹ ግራና ቀኝ ተበትነዋል። ሳክስፎኑ ጂጂ ዝም ስትል ይገባል፣ ስትጀምር ይወጣል። መሐሉ ለእሷ ተለቅቋል። «አድዋ»ን ብትወስዱ አንዲት ቃል አታመልጣችሁም፤ ለእኔ እንዲህ ባለ ግጥም ላይ ቃል ማምለጥ የለበትም።

አንድ ቅጂ፣ ሁለት አልበም እንዴት ይሆናል?

አሁን ወደ 2003ቱ «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» እንሂድ። ይህን ለመረዳት ደብ የሚባለውን የጃማይካ አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ70ዎቹ መጀመሪያ ኪንግስተን ውስጥ እንደ ኪንግ ተቢ ያሉ ባለሙያዎች አንድ ነገር ጀመሩ። አልቆ የወጣ የሬጌ ዘፈን ወስደው የዘፋኙን ድምፅ ያጠፉታል፣ ቤዙንና ድራሙን ያጎሉታል፣ ከዚያ ከዘፋኙ አንዲት ቃል ብቻ መልሰው አምጥተው በኤኮ እያስተጋቡ ይለቋታል። አዲስ የተጫወተ ሰው የለም። ሚክስ የሚደረግበት ማሽን ራሱ የሙዚቃ መሣሪያ ሆነ ማለት ነው።

ላስዌል በዚህ አሠራር የታወቀ ሰው ነው። ከጂጂ በፊት በ1997 የቦብ ማርሊን፣ በ1998 ደግሞ የማይልስ ዴቪስን ቅጂዎች እንዲህ አድርጎ እንደገና ሠርቷል። በጂጂም ላይ ያደረገው ይኸው ነው። በመጀመሪያው አልበም ላይ ሙሉ ታሪክ የምትነግረን ዘፋኝ፣ በሁለተኛው ላይ ከሩቅ ተራራ የምትመጣ ድምፅ ትሆናለች። አንድ ስንኝ ትመጣለች፣ ትጠፋለች። ፊት ለፊት የሚቆሙት ቤዙ፣ ከበሮውና ባዶው ቦታ ናቸው።

የትኛው ይበልጣል ብትሉኝ ያለ ማመንታት የመጀመሪያው። ግጥሟን የሚሰማ ሰው ሁለተኛው ላይ ይራባል። አማርኛ የማይሰማ ሰው ግን ሌላ ሊመርጥ ይችላል፣ ለእሱ ድምፁ ድምፅ ነውና። ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ ሁለቱም በቀረጻ ጥራታቸው እኩል ናቸው፤ የተለያዩት በሚክሱ ነው። አንድን ዘፈን ሰምታችሁ «ቀረጻው አይረባም» ከማለታችሁ በፊት፣ ያልጣማችሁ ቀረጻው ነው ወይስ ሚክሱ ብላችሁ ጠይቁ።

በነገራችን ላይ በዚያው በ2003 ጂጂና ላስዌል አቢሲኒያ ኢንፊኒት በሚል የቡድን ስም «ዛዮን ሩትስ» የተባለ አልበም አውጥተዋል። እሱ ወደ ክራርና ወደ ባህላዊው ድምፅ የቀረበ ነው። የ2001ዱ አልበም «ፈረንጅ ፈረንጅ ይላል» ብሎ ቅር ያለው አድማጭ ካለ፣ እዚያ ይጀምር።

ማስተሪንግስ?

ሚክሱ ካለቀ በኋላ ዘፈኑ ሁለት ትራክ ብቻ ነው፣ ግራና ቀኝ። ማስተሪንግ የመጨረሻው እጅ ነው። ባለሙያው ዘፈኖቹ አንድ አልበም እንዲመስሉ ያስተካክላቸዋል፤ አንዱ በጣም ጮክ፣ ሌላው በጣም ዝቅ እንዳይል፣ አንዱ ጨለም ሌላው ፏ እንዳይል። ከዚያ የጠቅላላውን የድምፅ ከፍታ ይወስናል።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በሲዲና በኮምፒውተር ፋይል ላይ ድምፅ ሊያልፈው የማይችል ጣሪያ አለ። ታዲያ ዘፈን ከጣሪያው ሳያልፍ ከሌሎች በልጦ እንዲጮህ ከተፈለገ አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው፦ ጮክ ያለውን መጨፍለቅ፣ ከዚያ ሁሉንም ባንድነት ወደ ላይ መግፋት። ይህን የሚሠራው መሣሪያ ሊሚተር ይባላል። የቤተሰብ ፎቶ ላይ ልጆቹን ሁሉ በርጩማ ላይ አቁመን ከአባትየው ጋር እኩል እንደማድረግ ነው። የሁሉም ፊት ይታያል፣ ማን ልጅ ማን አዋቂ እንደሆነ ግን አይለይም። በዘፈንም እንዲሁ፤ በሹክሹክታ የተባለውና በጩኸት የተባለው እኩል ሲሆን ዘፈኑ ከፍና ዝቅ ማለቱን ያጣል። በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል ያለውን ርቀት ባለሙያዎቹ ዳይናሚክ ሬንጅ ይሉታል።

ታዲያ ለምን ያደርጉታል? ጆሯችን ስለሚታለል። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሁለት የቤል ላብራቶሪ ተመራማሪዎች በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ሲል ወፍራሙንና ቀጭኑን ክፍል በደንብ አንሰማም፤ ከፍ ሲል ግን ይሞላልናል። ስለዚህ ሁለት አንድ ዓይነት ዘፈኖች ቢሰጡንና አንዱ ትንሽ ጮክ ቢል፣ እሱ የተሻለ ጥራት ያለው ይመስለናል። ኩባንያዎችም ይህን ስለሚያውቁ በተለይ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ማን ይበልጥ ይጮሃል የሚል ፉክክር ውስጥ ገቡ። በ2008 የወጣው የሮክ ባንዱ የሜታሊካ አልበም «ዴዝ ማግኔቲክ» በዚህ ይነሳል፤ አድናቂዎቹ ራሳቸው የቪዲዮ ጌም ላይ የገባው የዚያው ዘፈን ቅጂ ከሲዲው ይሻላል ብለው ቅሬታ አሰሙ፣ ጌም ላይ ያለው እንደ ሲዲው አልተጨፈለቀም ነበርና።

ዛሬ ያ ፉክክር ትርጉሙ ቀንሷል። ዩቲዩብና ስፖቲፋይ በጣም የሚጮኸውን ዘፈን ራሳቸው ዝቅ ያደርጉታል፣ ሁሉም ተቀራራቢ ከፍታ ላይ እንዲሰማ። ስለዚህ የተጨፈለቀው ዘፈን መጮኹ ይቀርበታል፣ መጨፍለቁ ግን አብሮት ይቀራል። ይህን ግን ሁሉም የሰማው አይመስለኝም፤ ዛሬም ከመጀመሪያው ሰከንድ እስከ መጨረሻው አንድ ከፍታ ላይ የሚጮኹ አዳዲስ ዘፈኖች ይወጣሉ፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጆሮ ይደክማል።

የጂጂ አልበም በእኔ ጆሮ ከዚህ በሽታ የዳነ ነው። ዝቅ ማለት ያለበት ቦታ ዝቅ ይላል። ስትጀምር ቀስ ብላ ትጀምራለች፣ ከፍ ስትል ደግሞ ከፍ ማለቷን ታውቃላችሁ።

ካሴት፣ ሲዲ፣ ኤምፒ3፦ 320 የሚባለው ቁጥርስ?

እስካሁን ያልነው ሁሉ የሚያልቀው ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ዘፈኑ ወደ እኛ የሚመጣበት መንገድ አለ፤ መንገዱ ያለውን ሊቀንስ ይችላል እንጂ የሌለውን አይጨምርም።

ካሴት ላይ ድምፁ የተቀዳበት ጥብጣብ በሰከንድ ከ5 ሳንቲ ሜትር ባነሰ ፍጥነት ነው የሚሄደው። ቀርፋፋና ቀጭን ስለሆነ ከሥር ሽሽሽ የሚል ድምፅ አለው። ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ ደግሞ ሽሽታው ይጨምራል፣ ቀጭኑ የድምፅ ክፍል ይደበዝዛል። ብዙዎቻችን ያደግንባቸውን ዘፈኖች የሰማናቸው ከተገለበጠ በተገለበጠ ቅጂ ነው።

ሲዲ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ድምፁን እየለካ በቁጥር ይመዘግባል። በሰከንድ 1,411 ኪሎ ቢት ገደማ ይሆናል። ሲገለበጥ አይደበዝዝም። ኤምፒ3 ደግሞ ይህን ለማሳነስ ጆሮ አይሰማውም ብሎ የገመተውን ይጥላል፤ ቅድም ያልነው ጠንካራው ደካማውን የሚሸፍንበትን ነገር ተጠቅሞ የተሸፈነውን ያስወግዳል። 128 የሚባለው፣ በሰከንድ 128 ኪሎ ቢት ማለት ነው፣ ከሲዲው አንድ አሥራ አንደኛ ያህሉን ብቻ ነው የሚይዘው። ጉዳቱ በግልጽ የሚሰማው ሲምባሉ (የድራሙ የብረት ሳህን) ላይ፣ የሪቨርቡ ጭራ ላይ፣ የዘፋኟ ትንፋሽ ላይ ነው፤ የጂጂን አልበም ልዩ የሚያደርጉት ነገሮች ላይ ማለት ነው። 320 ላይ ከሆነ አብዛኛው ሰው ከሲዲው መለየት ይቸግረዋል።

ግን ልብ በሉ። ከ128 ፋይል ተነስቶ 320 ብሎ ያስቀመጠ ሰው ያገኘው የፋይሉን መወፈር ብቻ ነው። የተጣለው አይመለስም። ከካሴት ተቀድቶ «ኤችዲ» ወይም «4ኬ» ተብሎ የተጫነ ዘፈንም እንዲሁ ነው፤ ኤችዲና 4ኬ ስለ ምስሉ እንጂ ስለ ድምፁ የሚነግሩን ነገር የለም። ቴሌግራም ላይ የሚዞሩ ዘፈኖች ብዙ ጊዜ ከዩቲዩብ ወርደው እንደገና ኤምፒ3 የሆኑ ናቸው። በእያንዳንዱ እርምጃ የሆነ ነገር ይጣላል።

ስልኬ ላይ ለምን ሌላ ይሆናል?

ያዙልኝ ያልኳችሁን አሁን እንመልሰው። ላስዌል ቤዝ ተጫዋች ነው፣ አልበሙም ከታች ወደ ላይ በቤዝ ላይ የተገነባ ነው። የስልክ ስፒከር ግን በጣም ትንሽ ስለሆነ ያን ወፍራም ድምፅ ማውጣት አይችልም። 41 ኸርዝም 80 ኸርዝም ከስልኩ በሚሰማ መጠን አይወጡም።

የሚገርመው፣ ቤዙ ጨርሶ የጠፋ አይመስለንም። አንድ ቤዝ ሲመታ ከዋናው ድምፅ በላይ ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ አራት እጥፍ እየሆኑ የሚሄዱ ተከታይ ድምፆች አብረውት ይወጣሉ። ስልኩ እነዚህን ያሰማናል፣ አእምሯችን ደግሞ ከእነሱ ተነስቶ የጎደለውን ዋና ድምፅ ይሞላዋል። ዜማውን እንከተላለን። ክብደቱ ግን የለም፣ ደረት ላይ የሚያርፈው ነገር የለም። ይህን አልበም በስልክ ስፒከር ብቻ ሰምቶ «ምኑ ነው እንዲህ የሚወራለት?» የሚል ሰው አልተሳሳተም፤ አልበሙ ከነመሠረቱ አልደረሰውም።

ታዲያ እንዴት ልስማው?

ውድ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። በልክ የሆነ ባለገመድ ኤርፎን ጆሮ ላይ በደንብ ከገጠመ ይበቃል፤ ካልገጠመ ቤዙ ሁሉ በክፍተቱ ያመልጣል። መኪና ያለው ሰው ሞተሩን አጥፍቶ ይስማ። ከኦፊሴላዊው ቻናል ወይም ከስትሪሚንግ አገልግሎቱ ስሙ፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁም የድምፅ ጥራቱን ወደ ከፍተኛው አድርጉት፣ ብዙ ጊዜ ዳታ ለመቆጠብ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚመጣው። የስልኩን «ቤዝ ቡስት» ምናምን አጥፉት፣ ሚክሱን ያበላሻል።

ከዚያ «ጉራማይሌ»ን ክፈቱና በመጀመሪያው ዙር ግጥሙን ተዉት። ቤዙን ብቻ ተከተሉ፣ መቼ ይመታል መቼ ዝም ይላል። በሁለተኛው ዙር ግራ ጆሯችሁ ላይ ያለውን ከቀኙ ለዩ። በሦስተኛው ዙር እሷን ስሙ። ወዲያው «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ»ን ቀጥሉ፣ ቮሊዩሙን ሳትነኩ።